መልእክት ያጸናው አንድነት፦ የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ሕይወትና ሥራ

ስለ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው በጦር ሜዳ የቈሰለው ወታደር፣ የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፍ ደራሲና የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የሕይወቱን የመጨረሻ 15 ዓመታት ያሳለፈበት የዕለት ተዕለት ሥራ ብዙ ጊዜ ሳይወሳ ይታለፋል። ይህ ሥራ ደብዳቤ መጻፍ፣ ደብዳቤ ማንበብና ደብዳቤ መዝግቦ ማስቀመጥ ነበረ። በዓለም ዳርቻ የተበተኑት ልጆቹ ያዩትንና የተማሩትን እርስ በርሳቸው እንዲካፈሉት፣ አንዱ በድካም ያገኘው ዕውቀት ከእርሱ ጋር እንዳይቀበር ቅዱሱ ጽኑ ሥርዓት ሠራ። ይህ ጽሑፍ ሕይወቱን በዚህ በኩል ይመለከታል። ዘመኑና ወሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሁለት ቀለማት ያሉት ደብተር

ኢግናጥዮስ በ1491 በሰሜን እስፓኝ፣ በባስክ ምድር፣ ሎዮላ በሚባል ስፍራ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። የመጀመሪያ ስሙ ኢኒጎ ነበረ። በወጣትነቱ በአሬቫሎ ከተማ በካስቲልያ መንግሥት የግምጃ ቤት ሹም ቤት ኖረ። በዚያም የመኳንንቱን ወግና የጦር መሣሪያ አያያዝ ተማረ፤ የእጅ ጽሕፈቱም ያማረ ነበረ። ክብርንና ዝናን ይወድ የነበረው ይህ ወጣት ሜይ 20 ቀን 1521 የፓምፕሎናን ምሽግ ሲከላከል የፈረንሳውያን መድፍ እግሩን ሰበረው።

ወደ ትውልድ ቤቱ ተወስዶ በአልጋ ላይ በቈየባቸው ወራት የጀግኖችን ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ ጠየቀ፤ በቤቱ ግን የተገኙት የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ብቻ ነበሩ። እነዚህን ሲያነብ ልቡ ተለወጠ። በዚህን ጊዜ ያደረገው አንድ ነገር የኋላ ሥራውን አስቀድሞ ያመለክታል። ንባቡ ከሕሊናው እንዳይጠፋ በማለት ዋና ዋናውን በደብተር ይገለብጥ ጀመር። የጌታችንን ቃል በቀይ ቀለም፣ የእመቤታችንን ቃል በሰማያዊ ቀለም እየለየ በጥንቃቄ ጻፈ፤ ደብተሩም ወደ 300 ቅጠል ደረሰ።

ከዳነ በኋላ በ1522 ወደ ሞንሴራት ገዳም ሄዶ ሰይፉን በእመቤታችን መንበር ፊት አኖረ። ቀጥሎም በማንሬሳ ከ10 ወራት በላይ በጸሎትና በተጋድሎ ቈየ። በነፍሱ ውስጥ የሚመላለሰውን ደስታና ኀዘን፣ ፈተናና ብርሃን እየመረመረ ለሌሎች ይጠቅማል ብሎ ያሰበውን በማስታወሻ ያዘ። ይህም ማስታወሻ እየተስተካከለና እየሰፋ ሄዶ የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፍ ሆነ። አንድ ሰው ብቻውን ያለፈበት መንገድ ለሚከተሉት ሁሉ መሪ የሆነው ስለ ተጻፈ ነው።

በ1523 ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ተመለሰ። ነፍሳትን ለመርዳት ትምህርት እንደሚያስፈልገው ተረድቶም፣ ዕድሜው ከ30 ዓመት ያለፈ ሲሆን በባርሴሎና ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ የላቲን ሰዋስው ይማር ጀመር። ከዚያም በአልካላ፣ በሳላማንካና ከ1528 እስከ 1535 በፓሪስ ተማረ። በፓሪስም ፒየር ፋብርን፣ ፍራንቸስኮስ ዛቬርንና ሌሎችን አፈራ፤ ኦገስት 15 ቀን 1534 ሰባት ሆነው በሞንማርትር ኮረብታ በድኅነትና በንጽሕና ለመኖር፣ ወደ ኢየሩሳሌምም ለመሄድ ተሳሉ። በጦርነት ምክንያት የኢየሩሳሌም መንገድ ሲዘጋባቸው ራሳቸውን ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፈቃድ አቀረቡ።

10 ሰዎች ሊበተኑ ሲሉ

በ1539 በሮም የተሰበሰቡት ባልንጀሮች 10 ነበሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ ወደ ልዩ ልዩ አገር ሊልኳቸው ስለ ጀመሩ አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው። ከእንግዲህ እያንዳንዱ በተላከበት ስፍራ ለብቻው ይሁን? ወይስ በአካል ቢለያዩም አንድ አካል ሆነው ይቈዩ? ቀን በስብከትና በአገልግሎት ውለው ማታ ማታ እየተገናኙ ለሦስት ወራት ያህል በጸሎት ተመካከሩ። እግዚአብሔር ከተለያየ አገርና ቋንቋ የሰበሰባቸውን አንድነት ማፍረስ እንደማይገባ ተስማሙ። ጳውሎስ 3ኛም ሴፕቴምበር 27 ቀን 1540 ማኅበሩን አጸደቁ። በሚቀጥለው ዓመት ኢግናጥዮስ ጠቅላይ አለቃ ሆኖ ተመረጠ፤ ሹመቱን የተቀበለው ደጋግሞ እንቢ ካለ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የተገባው ቃል እንዴት ይጠበቃል? በአንድ ገዳም የሚኖሩ መነኮሳት በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይጸልያሉ፤ አበምኔቱም በየቀኑ ያያቸዋል። ኢየሱሳውያን ግን ይህ አልነበራቸውም። ዛቬር በ1541 ከሊዝበን ተነሥቶ በሜይ 1542 ህንድ ጎዋ ገባ፤ ሌሎቹም በጀርመን፣ በፖርቱጋልና በጣልያን ተሰማርተው ነበር። ኢግናጥዮስ በሮም በሳንታ ማርያ ዴላ ስትራዳ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ተንከራታቹ መንገደኛ ከእንግዲህ ከከተማይቱ የሚወጣው ከስንት አንዴ ሆነ፤ መንገዱን የሚጓዘውም በብዕሩ ነበረ።

መጀመሪያ ላይ ግን የደብዳቤው ሥራ መልክ አልነበረውም። ባልንጀሮቹ የሚጽፉት እንደ መጣላቸው ነበረ። የስብከቱ ፍሬ፣ የገንዘቡ ችግር፣ የሰው ነውር፣ የራስ ሕመም ሁሉ በአንድ ወረቀት ተደባልቆ ይመጣል። በሮም ያሉ ካርዲናሎችና ወዳጆች ከሩቅ አገር የመጣውን ወሬ ለማየት ሲለምኑ፣ ኢግናጥዮስ ለሰው የማይነገር ነገር ስለ ተቀላቀለበት ደብዳቤውን ለማሳየት ይቸገር ነበር። ስለዚህ በ1542 መጨረሻ ለፒየር ፋብር ጽፎ ሥርዓቱን አስረዳው። ዋናው ደብዳቤ ማንም ቢያነበው የሚታነጽበት፣ እግዚአብሔር በአገልግሎታቸው የሠራውን ብቻ የሚናገር ይሁን። ሌላው ጉዳይ ግን በተለየ ወረቀት ይጻፍ። ኢግናጥዮስ ራሱም ዋናውን ደብዳቤ አንድ ጊዜ ጽፎ ያርመው፣ ከዚያም እንደገና ይጽፈው ወይም ያስጽፈው ነበር። የተነገረ ቃል ያልፋል፤ የተጻፈ ግን ይኖራል፤ ስለዚህ የሚጻፈው ከሚነገረው ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል ብሎ ያምን ነበርና።

ይህ ትእዛዝ ሁሉንም ወዲያው ደስ አላሰኘም። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ኒኮላስ ቦባዲያ እንዲህ ያለውን ጽሕፈት ለማንበብ እንኳ ጊዜ እንደሌለው በግልጽ ቅር ተሰኝቶ ጻፈ። ኢግናጥዮስ በ1543 በትሕትና መለሰለት፤ በባለሥልጣንነት አልተቈጣውም፣ ሥርዓቱን ግን አልተወም። ሥራ የበዛበት ሰው ስለ ሥራው መጻፍን እንደ ተጨማሪ ሸክም እንደሚቈጥረው ያውቅ ነበር። ይህ ሸክም ግን ለሌላው ወንድም ብርታት መሆኑንም ያውቅ ነበር።

የጸሓፊው የፖላንኮ አገልግሎት

ማኅበሩ እያደገ ሲሄድ ሥራው ከአንድ ሰው ዐቅም በላይ ሆነ። በማርች 1547 ኢግናጥዮስ ሁዋን ዴ ፖላንኮ የተባለውን የቡርጎስ ተወላጅ ጸሓፊው አደረገው። ፖላንኮ ወደ ማኅበሩ ከመግባቱ በፊት በሮም በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጽሕፈት ቤት ያገለገለ ሰው ነበረና የመዝገብን ጥበብ ያውቅ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ለማኅበሩ ሁሉ አንድ ደብዳቤ ላከ። በዚህም ደብዳቤ መጻጻፍ ለምን እንደሚያስፈልግ 20 ምክንያት ዘረዘረ። መጻጻፍ አንድነትን ያጸናል፤ መራራቅ የሚያቀዘቅዘውን ፍቅር ያሞቃል፤ ብቻውን የሚደክመውን ያጽናናል፤ አለቃው በጭፍን እንዳያዝዝ ያደርጋል። ከምክንያቶቹ ጋር ምን መጻፍ እንዳለበት፣ እንዴት እንደሚጻፍና እንዴት እንደሚላክ የሚወስን ደንብ አወጣ።

ከዚያ ወዲህ በሮም ያለው ጽሕፈት ቤት በሥርዓት ይሠራ ጀመር። ደብዳቤ ሲገባ ፖላንኮ አንብቦ መልስ የሚሻውን ነጥብ ያወጣል፤ ከኢግናጥዮስ ጋር ይመክራል፤ ረቂቅ ያዘጋጃል፤ የሚላከውም በመዝገብ ይገለበጣል። ከአንዱ አገር የመጣው መልካም ዜና ተገልብጦ ወደ ሌላው ይላካል። ወደ ህንድ የሚሄደው ደብዳቤ መርከብ ቢሰጥም እንዳይጠፋ በተለያዩ መርከቦች ከአንድ በላይ ቅጂ ይላክ ነበር። ፖላንኮ ይህን አገልግሎት በኢግናጥዮስና ከእርሱ በኋላ በተሾሙት ሁለት አለቆች ዘመን እስከ 1573 ድረስ ፈጸመ፤ በመጨረሻም ባከማቸው መዝገብ ተረድቶ የማኅበሩን የመጀመሪያ ዘመናት ታሪክ ጽፎ አለፈ።

ኢግናጥዮስ በደከመበት የማኅበሩ ሕገ ደንብ ውስጥም ይህ ጉዳይ ቦታ ተሰጠው። የሕጉ 8ኛ ክፍል የተበተኑት አባላት ከአለቃቸውና እርስ በርሳቸው ስለሚተሳሰሩበት መንገድ የሚናገር ነው። በየስፍራው ያሉት አለቆች በየሳምንቱ ለክፍሉ አለቃ ይጽፋሉ። የክፍሉ አለቃ ቅርብ ከሆነ በየሳምንቱ፣ ሩቅ ከሆነ በየወሩ ለጠቅላይ አለቃው ይጽፋል፤ ጠቅላይ አለቃውም በየወሩ ይጽፍላቸዋል። በየአራት ወሩ የሚያንጸውን ዜና ብቻ የያዘ ደብዳቤ በአገሩ ቋንቋና በላቲን ተዘጋጅቶ፣ በቅጂም ተባዝቶ ለሁሉ ይዳረሳል። በየቤቱ ያሉት ሰዎች ዝርዝርም አብሮ ይላካል። ዕውቀት ከታች ወደ ላይ ብቻ አልወጣም፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከጎን ወደ ጎንም ይፈስ ነበር።

ኢግናጥዮስ የሚሻው የመንፈስ ነገር ብቻ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1554 ወደ ጎዋ በተላከ ደብዳቤ የአገሩ ቀን በበጋና በክረምት ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ጥላ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያጋድል፣ እንስሳውና ዕፀዋቱ ምን እንደሚመስሉ እንዲጻፍ ጠይቋል። በሮም ያሉት አንባብያን ይህን ይፈልጉ ነበርና፣ የማወቅ ፍላጎታቸውን አልናቀም።

ያልደረሰው ደብዳቤ

ሥርዓቱ የቱንም ያህል ቢያምር የባሕሩን ርቀት ሊያጠፋ አልቻለም። ከሮም ወደ ጎዋ አንድ ደብዳቤ ለመድረስ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። ዛቬር የወንድሞቹን ፊርማ ከደብዳቤዎቻቸው ቈርጦ በአንገቱ ላይ ይዞ ይዞር እንደ ነበር ይነገራል፤ በዚያ ብቸኝነት ውስጥ አንዲት የስም ፊርማ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበራት ከዚህ መረዳት ይቻላል። እርሱም የጻፈው በአውሮፓ እየተገለበጠ ተነበበ፤ በ1545 በፓሪስ ታትሞ ወጣ፤ ብዙ ወጣቶችንም ለሐዋርያዊ ሥራ አነሣሣ።

ጁን 28 ቀን 1553 ኢግናጥዮስ ዛቬር ወደ አውሮፓ እንዲመለስ የሚያዝዝ ደብዳቤ ጻፈ። ወዳጁ ግን ዲሴምበር 3 ቀን 1552 በቻይና ባሕር ዳርቻ ባለች በሻንግቹዋን ደሴት ዐርፎ ነበር። ኢግናጥዮስ ያን ደብዳቤ ሲጽፍ ከስድስት ወር በላይ ለሞተ ሰው መጻፉን አላወቀም። ስለዚህ ሥርዓቱ ዐቅሙ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በሩቅ የተቀመጠ አለቃ የሚያየው ያለፈውን እንጂ ያለውን አይደለም።

ይህንኑ እውነት የእኛ አገር ታሪክ በበለጠ ያሳያል። የፖርቱጋል ንጉሥ ዮሐንስ 3ኛ ለኢትዮጵያ ፓትርያርክ ከማኅበሩ እንዲሰጣቸው በጠየቁ ጊዜ፣ ኢግናጥዮስ ሌላ ሰው ቢታጣ ራሱ ለመሄድ ፈቃደኛ መሆኑን ገልጦ ነበር። በኋላ ዮሐንስ ኑኜስ ባሬቶ ፓትርያርክ፣ አንድሬያስ ዴ ኦቪዬዶም ጳጳስ ሆነው ተመረጡ፤ በፌብሩዋሪ 1555 ኢግናጥዮስ ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጻፈ። ሮም በዚያን ጊዜ የያዘችው መረጃ ንጉሠ ነገሥቱ ከሮማ መንበር ጋር አንድ መሆንን ይሻሉ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ግን ከጎዋ አስቀድመው የተላኩት አባ ጎንሳሎ ሮድሪጌስ በቤተ መንግሥቱ ተገኝተው ንጉሠ ነገሥቱ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ለመተው እንዳላሰቡ ተረዱ። ዐፄ ገላውዴዎስም እምነታቸውን በሰከነና በተማረ አነጋገር በጽሑፍ ገለጡ። ሮድሪጌስ ይህን ይዘው ወደ ጎዋ ሲመለሱ ዘመኑ 1556 ነበረ፤ ወሬው ሮም ሳይደርስ ኢግናጥዮስ ዐረፈ። ባሬቶ ኢትዮጵያን ሳያዩ በ1562 በጎዋ ሞቱ፤ ኦቪዬዶ በ1557 ገብተው ብዙ መከራ ተቀብለው በ1577 በፍሬሞና ዐረፉ።

ኢግናጥዮስ ግን መረጃው ሊጐድል እንደሚችል አውቆ ነበር። ለባሬቶ በሰጠው መመሪያ ሁሉ ነገር በገርነት እንዲሠራ፣ የሕዝቡ ልማድ በኃይል እንዳይነካ፣ ለውጥ ካስፈለገም በጥቂት በጥቂቱ እንዲሆን፣ ትምህርት ቤት እንዲከፈት መከረ። በመጨረሻም የጻፈው ሁሉ ምክር እንጂ ግዴታ እንዳልሆነ፣ በስፍራው ተገኝተው ያዩትን በማስተዋልና በፍቅር እንዲፈርዱ ለፓትርያርኩ ተወላቸው።

ይህ መመሪያ ተጽፎ ተቀምጧል። ሆኖም በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጥምቀትን፣ ክህነትን፣ ጾምንና በዓላትን በጥድፊያ ለመለወጥ ሞከሩ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። በመካከላችን ለዘመናት የቈየውን የመቈሳሰል ትዝታ ስናስብ፣ መሥራቹ ከ70 ዓመት በፊት የጻፈው የገርነት ምክር በሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ ብለን መጸጸታችን አይቀርም። በመዝገብ ያለ ዕውቀት ካልተነበበና ካልተታዘዙት እንደሌለ ይቈጠራል።

ወረቀት የማይሸከመው

ኢግናጥዮስ ሁሉ ነገር በወረቀት እንደማያልፍም ያውቅ ነበር። ሕገ ደንቡ ሲዘጋጅ በየአገሩ በፖስታ ልኮ ዝም አላለም። የማኅበሩን መንፈስ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ጀሮኒሞ ናዳልን ወደ ሲሲሊያ፣ ወደ እስፓኝና ወደ ፖርቱጋል ላከው። ናዳል ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሕጉን አስረዳ፤ የሰዎቹን ጥያቄ ሰማ፤ ያየውን ጻፈ። እነዚሁ ባልንጀሮቹ ናዳልና ፖላንኮ ደግሞ መሥራቹ ሳይሞት እግዚአብሔር እንዴት እንደ መራው እንዲነግራቸው አጥብቀው ለመኑት። ስለ ራሱ መናገር የማይወደው ኢግናጥዮስ ከ1553 እስከ 1555 ባሉት ጊዜያት ለልዊስ ጎንሳልቬስ ዳ ካማራ ታሪኩን ተረከለት። የፓምፕሎናንም ቍስል፣ የሁለቱንም ቀለማት ደብተር የምናውቀው ከዚህ ትረካ ነው።

ጁላይ 31 ቀን 1556 ቅዱስ ኢግናጥዮስ በሮም ዐረፈ። 10 ሆነው የጀመሩት ወደ 1,000 ደርሰው፣ ፕሮቪንስ በሚባሉ 12 ክፍሎች ተመድበው፣ ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶች ከፍተው ነበር። ማርች 12 ቀን 1622 ከወዳጁ ከዛቬር ጋር በአንድ ቀን ቅድስናው ታወጀ። ወደ 7,000 የሚጠጉ ደብዳቤዎቹና መመሪያዎቹ እስከ ዛሬ አሉ፤ ከ1903 እስከ 1911 ባሉት ዓመታት በ12 ጥራዝ ታትመዋል። ማኅበሩ በ1773 ፈርሶ በ1814 እንደገና ሲቋቋም የመሥራቹን አሳብ ለመመርመር የተቻለው ጽሑፉ ስለ ተጠበቀ ነው።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

ክቡራን ምእመናንና ካቴኪስቶች፣ የእኛ ቁምስና እንደ ኢግናጥዮስ ማኅበር በዓለም ዳርቻ የተበተነ አይደለም። ነገር ግን ችግሩን እናውቀዋለን። አንድ ካቴኪስት 30 ዓመት አገልግሎ የየመንደሩን ቤተ ሰብ ያውቃል፤ ማን እንደ ተጠመቀ፣ ማን በተክሊል እንደ ተጋባ፣ የትኛው ቤት ከየትኛው እንደ ተቀያየመ፣ ለየትኞቹ ልጆች ትምህርቱ በምን ምሳሌ እንደ ገባቸው ያውቃል። እርሱ ሲታመም ወይም ሲያርፍ ተተኪው ከባዶ ይጀምራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአበው ብሂል በደጃችን ሲፈጸም እናያለን። የጥምቀት መዝገብ በጊዜው ስላልተሞላ ለጋብቻ ማስረጃ አጥቶ የሚንከራተት ወጣት ስንቱ ነው?

ከቅዱሱ ሕይወት የምንወስደው ጥቂት ነገር ነው፤ ነገር ግን ብርታት ይጠይቃል። የተደረገውን በተደረገበት ቀን እንጻፍ። ለሁሉ የሚነገረውን የሰውን ምሥጢር ከሚነካው እንለይ፤ የወንድም ገመና በጉባኤ የሚነበብ አይደለምና። በአንዱ ቤተ ጸሎት የተገኘውን መልካም ነገር ለሌላው እናካፍል። ቀድሞ የተጻፈውንም አዲስ ሥራ ከመጀመራችን በፊት እናንብብ። ዛሬ መልእክት በእጅ ስልክ በቅጽበት ይደርሳል፤ ዛቬርን የለየው ባሕር እኛን አይለየንም። በእኛ ዘንድ የሚጐድለው የኢግናጥዮስ ትዕግሥት ነው፤ ወንድሙ እንዲጠቀምበት ብሎ አንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ የጻፈው ትዕግሥት።

የቅዱስ ኢግናጥዮስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።